«ተነሣ» ወይስ «ተወነጨፈ»?

ጥያቄ፦ ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ስለሚበሩ ተዋጊ ጄቶች ታሪክ እየጻፍኩ ነው። «ጄቱ ከመርከቧ ተወነጨፈ» ብዬ ብጽፍ፣ አንድ ወዳጄ «መወንጨፍ ለድንጋይና ለሚሳኤል እንጂ ሰው ለተሳፈረበት አውሮፕላን አይባልም፤ ‹ተነሣ› በለው» አለኝ። የትኛው ነው ትክክል? «አብራሪው መርከቧ ላይ አረፈ» ማለትስ ያስኬዳል?

መልስ፦ ሁለቱም ግሦች ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። «ተነሣ» የሚባለው አውሮፕላኑ በገዛ ሞተሩ ተንደርድሮ ወደ አየር ሲወጣ ነው። «ተወነጨፈ» ግን ከውጭ የወረወረው ኃይል መኖሩን ይናገራል፤ የተወረወረው ነገር ሰው ይያዝ አይያዝ ግሡን አይመለከተውም። ስለዚህ ምርጫው የሚተረከውን ዘመንና መርከብ ይከተላል።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1945 የብሪታንያ ባሕር ኃይል አብራሪ ኤሪክ ብራውን ቫምፓየር የተባለውን ጄት «ኦሽን» በተባለችው መርከብ ላይ አሳርፎ፣ እንደገና ወለሏ ላይ ተንደርድሮ ተነሣ። ይህን «ተወነጨፈ» ማለት ስሕተት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጄቶቹ እየከበዱ፣ ክንፎቻቸውም ወደ ኋላ እያዘነበሉ ሄዱ፤ እንዲህ ያለ ክንፍ አየር ላይ ለመቆየት ከፍተኛ ፍጥነት ይፈልጋል፤ የዘመኑ የጄት ሞተር ደግሞ ኃይሉን የሚያሰባስበው በዝግታ ስለነበር የመርከቧ ወለል ለመንደርደሪያ አልበቃ አለ፤ በዘይት ግፊት የሚሠራው የቀድሞው ማስወንጨፊያም አቅም አነሰው። መፍትሔ የሆነው የብሪታንያ ባሕር ኃይል መኮንኑ ኮሊን ሚቸል የነደፈውና በ1950 «ፐርሲየስ» በተባለችው መርከብ ላይ መሞከር የጀመረው የእንፋሎት ማስወንጨፊያ ነው። ከወለሉ ሥር በተዘረጋው ሲሊንደር ውስጥ እንፋሎቱ ፒስተኑን ሲገፋ፣ ከፒስተኑ ጋር የተያያዘው ጄት በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ለበረራ የሚበቃውን ፍጥነት ያገኛል። እዚህ ላይ «ተነሣ» ብቻ ብለን ብናልፍ አንባቢው የዘመኑን ትልቁን ለውጥ ሳያየው ይቀራል፤ የእርስዎን «ተወነጨፈ» የምደግፈውም ለዚህ ነው። በ1982 በፎክላንድ ጦርነት የተዋጉት ሲ ሃሪየር የተባሉት የብሪታንያ ጄቶች ግን ጫፉ ወደ ላይ ቀና ካለ ወለል በገዛ ሞተራቸው ይወጡ ስለነበር «ተነሡ» ይባላሉ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ «አብራሪው አረፈ» የሚለውን አንባቢ «ሞተ» ብሎ ሊረዳው ስለሚችል «አብራሪው ጄቱን አሳረፈ» ወይም «ጄቱ አረፈ» ይበሉ። «አረፈ»ንም ቢሆን መንኮራኩሩ ወለሉን በነካበት ቅጽበት አይጠቀሙበት። ጄቱ የሚቆመው ከጅራቱ ሥር ያለው መንጠቆ ወለሉ ላይ የተወጠረውን ገመድ ሲይዝ ነው፤ አብራሪውም መንጠቆው ቢስት ወዲያው መውጣት እንዲችል፣ ወለሉን ሲነካ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። ቀድሞ ገመዱን የሳተ አውሮፕላን በመረብ ይያዝ ነበር፤ መረቡንም ካለፈ ከፊት ከቆሙት አውሮፕላኖች ጋር ይጋጭ ነበር። የብሪታንያ ባሕር ኃይል መኮንኑ ዴኒስ ካምቤል በ1951 የማረፊያው መስመር ከመርከቧ የርዝመት መስመር ጥቂት ወደ ግራ እንዲያዘነብል ሐሳብ ካቀረበና ሐሳቡ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ግን፣ ገመዱን የሳተ ጄት ባዶውን ወለል አልፎ ወደ አየር ይመለሳል። ይህን «አርፎ ተነሣ» ከማለት «ነክቶ ተነሣ» ማለቱን እመርጣለሁ፤ ገመዱ እስኪይዘው ድረስ ጄቱ ገና አላረፈምና።