መስኮቱ የት ገባ?

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ» ብላ የጻፈችልኝ አንዲት የአዘዞ ልጅ ናት። ጎንደር ፒያሳ ላለ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የሽያጭ ፕሮግራም ሠርታለች፤ በኤሌክትሮን፣ ማለትም በድረ ገጽ ቋንቋዎች የዴስክቶፕ ፕሮግራም በሚሠራበት መሣሪያ። የካሸሯ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው። ባለቤቱ ማክ ይዘዋል። እሷ ራሷ የምትሠራው ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ለመነሳት ይዘገያል፤ ከበስተጀርባም የዕቃ ቆጠራ ይልካል። ስለዚህ የመስኮቱ መዝጊያ ኤክስ ሲጫን እንዳይዘጋ፣ እንዲደበቅ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ ሰላም የላትም።

«ካሸሯ የተዘጋ እየመሰላት እንደገና ትከፍተዋለች። ማታ ሳየው አራቴ ተከፍቷል። ሁለት ደረሰኝ በአንድ ቁጥር ወጥቷል። ባለቤቱ ደግሞ ዶኩ (የማኩ የአይከኖች ረድፍ) ላይ ያለውን አይከን ቢጫኑ ቢጫኑ መስኮቱ አይመጣም። እኔ ጋ ደህና ነው፤ ትሬይ (ሰዓቱ አጠገብ ያለው የትንንሽ አይከኖች ቦታ) ላይ ያለው አይከን ብቻ አንዳንዴ ይጠፋል። ኮዱን አብሬ ልኬያለሁ።»

እህቴ፣ አይዞሽ። ይሄ ነገር ያላንገላታው የዴስክቶፕ ሠሪ የለም።

መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ። ሚኒማይዝ የሆነ መስኮት ታስክባር ላይ አለ፤ አንድ ክሊክ ይመልሰዋል። ሃይድ የሆነ ከታስክባርም ይጠፋል፤ ፕሮግራሙ ግን ውስጥ ለውስጥ ይሠራል። የተዘጋ መስኮት ጭራሽ ፈርሷል፤ አዲስ መፍጠር ነው። ለካሸሯ ሦስቱም ያው «ጠፋ» ናቸው። ለኮዱ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮድሽ ላይ ያየሁት ጣጣ ሁሉ እነዚህን ከማደባለቅ የመጣ ነው።

የደረሰኙ ነገር ገንዘብ ስለሆነ ከሱ እንጀምር። ዊንዶውስ ላይ አይከኑን ድርብ ክሊክ ባደረጉ ቁጥር አዲስ ፕሮግራም ይነሳል። ማክ ላይ ሲስተሙ ራሱ የተከፈተውን ይጠራል፤ ዊንዶውስና ሊኑክስ ላይ ይሄን የምታደርጊው አንቺ ነሽ። ኤሌክትሮን «ሪኩዌስት ሲንግል ኢንስታንስ ሎክ» የሚባል ፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ የኮድ ቁራጭ) አለው። ፕሮግራሙ ሲነሳ፣ ዳታቤዙን ሳይነካ በፊት ጥሪው። ሐሰት ከመለሰ ሌላ ቅጂ ቀድሞ ተነስቷል ማለት ነው፤ ይሄኛው ወዲያው ይውጣ። የመጀመሪያው ቅጂ «ሰከንድ ኢንስታንስ» የሚል ኢቨንት («ይሄ ነገር ሆነ» የሚል መልእክት) ይደርሰዋል። ያኔ መስኮቱን ያምጣ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። እዚያም እዚያም የሚገለበጠው ምሳሌ «ሚኒማይዝ ከሆነ ሪስቶር (መልሰው)፣ ከዚያ ፎከስ (ከፊት አድርገው)» ይላል። ሾው (አሳየው) የሚል ቃል የለውም። ምሳሌው ስህተት ሆኖ አይደለም፤ መስኮት ለማይደብቅ ፕሮግራም የተጻፈ ነው። ያንቺ መስኮት ግን ተደብቋል እንጂ ሚኒማይዝ አልሆነም። ስለዚህ ሪስቶሩ ይዘለላል፤ ፎከሱም ያልታየን መስኮት ስለማያወጣ ዋጋ የለውም። ካሸሯ ትጫናለች፣ ምንም አይመጣም። ሎኩን ብቻ ጨምረሽ ብትተዪው ኖሮ አራት መስኮት የነበረው ዜሮ መስኮት ይሆን ነበር።

የባለቤቱ ማክም ያው በሽታ ነው። የዶኩ አይከን ሲጫን በሚመጣው «አክቲቬት» ኢቨንት ላይ የጻፍሽው «የመስኮት ብዛት ዜሮ ከሆነ አዲስ ፍጠር» ነው። የተደበቀ መስኮት ግን ይቆጠራል። ብዛቱ አንድ ነው። ስለዚህ ኮድሽ «አለ እኮ» ብሎ ዝም ይላል፤ ባለቤቱም ሲጫኑ ይውላሉ።

የፋሲል ግቢ አጥር 12 በር አለው ይባላል። የአንቺም ፕሮግራም ወደ መስኮቱ የሚያስገቡ በሮች አሉት፦ ትሬዩ፣ ዶኩ፣ ሁለተኛው ድርብ ክሊክ፣ የማሳወቂያ መልእክቱ። በየበሩ የተለያየ ዘበኛ ነው ያቆምሽው። አንድ ፈንክሽን ጻፊና ሁሉም እሱን ይጥሩ። ስሙን «መስኮቱን አምጣ» በይው። ውስጡ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦

መስኮቱ ከሌለ ወይም ከፈረሰ፣ ፍጠሪና ቀሪውን ተዪ
ሚኒማይዝ ከሆነ፣ ሪስቶር
ካልታየ፣ ሾው
በመጨረሻ፣ ፎከስ

በኪውቲ፣ በሌላው የዴስክቶፕ ፕሮግራም መሥሪያ፣ የምትሠሩም ነገሩ ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ «ሾው ኖርማል» ብትሉ ሙሉ ስክሪን ይዞ የነበረው መስኮት አንሶ ይመጣል። የሚኒማይዙን ምልክት ብቻ አንሱለት።

የትሬዩ አይከን መጥፋት ቀላል ነው። አይከኑን የፈጠርሽው በፈንክሽን ውስጥ ባለ ተለዋዋጭ ነው። ፈንክሽኑ ሲያልቅ የሚይዘው ሰው የለም፤ ጃቫስክሪፕት ማህደረ ትውስታ ሲያጸዳ አብሮ ይጠርገዋል። ለዚህ ነው «አንዳንዴ» የሚሆንብሽ። ተለዋዋጩን ወደ ላይ፣ ከፈንክሽኑ ውጭ አውጪው። ሊኑክስ ላይ ደግሞ በክሊክ ብቻ አትታመኚ፤ አንዱ ዴስክቶፕ በአንድ ክሊክ፣ ሌላው በድርብ ክሊክ ነው የሚነግርሽ። «መስኮቱን ክፈት» እና «ጨርሰህ ውጣ» የሚሉ ሁለት መስመሮች ያሉት ሜኑ ስጪው። ግኖም የተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.26 የድሮውን ትሬይ አውጥቶታል። ኡቡንቱ በራሱ ቅጥያ ስለመለሰው ነው አንቺ የምታዪው። ሌላ ሰው ማሽን ላይ ላይኖር ይችላል። ትሬይ በሌለበት መስኮት መደበቅ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደመቆለፍ ነው።

ዌይላንድ (ሊኑክስ ላይ መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያወጣ ሥርዓት) ላይ ከሆንሽ ከፕሮግራሙ ብዙ አትጠብቂ። ፕሮግራሙ «ሚኒማይዝ አድርገኝ» ማለት ይችላል፤ «መልሰኝ» የሚልበት መንገድ ግን የለውም። የራሱን ቦታም መምረጥ አይችልም። ኮድሽ ተበላሽቶ አይደለም።

ስለ ቦታ ካነሳን አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ድሮ ለአንድ ክሊኒክ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። መስኮቱ ሲዘጋ የነበረበትን ቦታ ይመዘግባል፤ ሲነሳ እዚያው ይቀመጣል። አንድ ቀን ሲስተር ደውለው «ፕሮግራምህ ጠፋ» አሉኝ። ሄጄ ሳይ ታስክባር ላይ አለ፤ ስክሪኑ ላይ የለም። ኮምፒውተሩን ሦስት ጊዜ አጥፍተው አብርተውታል። የመዘገብኩትን ፋይል ስከፍተው ቦታው «−32000» ይላል። ለካ ዊንዶውስ ሚኒማይዝ የሆነን መስኮት የሚወረውረው እዚያ ነው! እኔ ደግሞ ያንን እንደ ትክክለኛ አድራሻ መዝግቤዋለሁ። ኤሌክትሮን ላይ ቦታውን ስትመዘግቢ «ጌት ኖርማል ባውንድስ»ን ተጠቀሚ፤ መስኮቱ በምንም ሁኔታ ላይ ቢሆን መደበኛ ቦታውን ይሰጥሻል። ስታነሺው ደግሞ ቦታው አሁን ባለው ስክሪን ውስጥ መሆኑን ፈትሺ። ባለቤቱ ቢሮ ሁለተኛ ስክሪን ሰክተው፣ ቤት ሲሄዱ ነቅለውት ይሆናል።

ማክ ላይ አንድ ሌላም አለ። መስኮቱ ሙሉ ስክሪን ላይ እያለ ሃይድ ብትዪው ጥቁር ስክሪን ትቶ ይሄዳል። መጀመሪያ ከሙሉ ስክሪን አስወጪው፣ «ሊቭ ፉል ስክሪን» የሚለው ኢቨንት እስኪመጣ ጠብቂ፣ ከዚያ ደብቂው።

መውጫውንም አትርሺ። የ«ክሎዝ» ኢቨንቱን ሁልጊዜ ስለምትከለክዪ ሰው «ጨርሰህ ውጣ» ሲልም አይወጣም። «ቢፎር ኩዊት» ላይ «እየወጣሁ ነው» የሚል ምልክት አስቀምጪ፤ ምልክቱ ካለ አትከልክዪ። ዊንዶውስ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ግን ይሄን ኢቨንት አይልክም። መብራትም ሲሄድ አያስጠነቅቅም፤ ጎንደር ላይ ይሄን ላንቺ አልነግርሽም። ደረሰኙ በተቆረጠ ቅጽበት ዳታቤዝ ይግባ።

ቆጠራ የሚልከውን ሰዓት ቆጣሪ ከገጹ ኮድ አውጥተሽ ወደ ዋናው ፕሮሰስ (ከመስኮቱ ጀርባ ፕሮግራሙን ወደሚያስኬደው ክፍል) አዛውሪው። ገጹ ሲደበቅ ክሮሚየም (ኤሌክትሮን ውስጥ ያለው ብራውዘር) ሰዓት ቆጣሪዎቹን ያቀዘቅዛቸዋል። ይሄን ሳታደርጊ ብትቆዪ ባለቤቱ «ሲሚንቶው ስንት ቀረ?» ብለው የድሮ ቁጥር ነው የሚያዩት።

ያም ሆኖ፣ እኔ ብሆን የካሸሯን መስኮት አልደብቀውም። ቀኑን ሙሉ የምትሠራበት ነገር ለምን ይሰወርባታል? ዊንዶውሱ ላይ ኤክሱ ሚኒማይዝ ያድርገው፤ ታስክባር ላይ ታየዋለች፣ አትደናገጥም። መደበቁ ለባለቤቱ ማክ ይቅር፤ እዚያ ቀዩን ነጥብ ተጭኖ ፕሮግራሙን አለመዝጋት የተለመደ ነው። ካስተካከልሽው በኋላ ካሸሯ አጠገብ ግማሽ ቀን ተቀመጪ። ምንም አትንገሪያት፤ እጇን ብቻ እዪ። አሁንም ድርብ ክሊክ የምታደርግ ከሆነ ጻፊልኝ።