ታሪክ መማርሽ እንቅፋት አይሆንብሽም

ውድ እህቴ፣

በታሪክ ተመርቀሽ ሁለት ዓመት እንዳስተማርሽ፣ አሁን በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ለሁለተኛ ዲግሪ የማታ ቦታ እንዳገኘሽ፣ አባትሽ ግን «ኮምፒዩተር የሒሳብ ሰው ሥራ ነው» እንዳሉሽና የወንድምሽንም የኮሌጅ ክፍያ ሙሉ በሙሉ እንድትሸፍኚ እንደጠየቁሽ ጽፈሽልኛል፤ ዕድሜሽና እንግሊዝኛሽም እንዳሳሰቡሽ ነግረሽኛል። ከሁሉ ልቤን የነካው አባትሽ ስለ ኮምፒዩተር ያሉሽ ነው።

ከመረጃ ፍለጋ ሙያ ቀዳሚዎች አንዷ የሆኑት እንግሊዛዊቷ ካረን ስፓርክ ጆንስ በኬምብሪጅ መጀመሪያ ያጠኑት ታሪክ ነበር፤ ለጥቂት ጊዜም እንዳንቺው በትምህርት ቤት አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በሁሉም ሰነድ ውስጥ የሚገኝ ቃል አንዱን ሰነድ ከሌላው ለመለየት ስለማይረዳ፣ በጥቂት ሰነዶች ብቻ ለሚገኝ ቃል ከፍ ያለ ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ አሳዩ። በታሪክ ሰነዶች መካከል «የጎንደር ሸማኔዎች ታሪክ» ብለሽ ብትፈልጊ፣ «ታሪክ» በየገጹ ስላለ ወደምትፈልጊው የሚያደርስሽ «ሸማኔ» ነው። ስሌቱም የሰነዶቹን ጠቅላላ ቁጥር ቃሉ ለሚገኝባቸው ሰነዶች ቁጥር አካፍሎ ሎጋሪዝሙን መውሰድ ነው፤ ይህን ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ተምረሽዋል።

እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት 9 ዓመት በአንድ ቤተ መጻሕፍት የካታሎግ ካርድ ስጽፍ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ተመራማሪ አንድ የዐፄዎች ታሪክ ጠይቀውኝ፣ የ«አ»ን መሳቢያ አገላብጬ «የለም» ብዬ መለስኳቸው፤ ካርዱ ግን በራሴ እጅ ተጽፎ በ«ዐ» መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ኮምፒዩተርም ካልተነገረው በቀር «ፀሐይ»ንና «ጸሀይ»ን ሁለት ቃል አድርጎ ይቆጥራል፤ «ሰበረ»ና «ስብራት» ከአንድ ሥር መውጣታቸውንም አያውቅም። ይህን ለማስተካከል አሮጌ ሰነድ ማንበብ የለመደ ዓይን ያስፈልጋል፤ ያ ዓይን ደግሞ አለሽ።

ስለ ገንዘቡ አላባብልሽም። ካረን ስፓርክ ጆንስ ለብዙ ዓመታት በአጭር ጊዜ ውል ሠርተው ፕሮፌሰር የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ስለዚህ ማስተማሩን ሳትለቂ ማታ ተማሪ። የወንድምሽን የኮሌጅ ክፍያ ሙሉ በሙሉ አንቺ እንድትሸፍኚ መጠየቁ ግን ትክክል አይደለም። 22 ዓመት የሞላው ጤነኛ ወጣት እንዳንቺ እየሠራ መማር ይችላልና፣ ግማሹን ብቻ እንደምትከፍዪ ለአባትሽ በአክብሮት ንገሪያቸው።

27 ዓመት ለዚህ ትምህርት አልረፈደም፤ እንግሊዝኛሽም ከማመልከቻሽ እንዳየሁት በቂ ነው።

ምዝገባው እስኪደርስ ከማስተማሪያ ማስታወሻዎችሽ 20 ገጽ ወስደሽ አሥር ቃላት ምረጪ፤ እያንዳንዳቸው በስንት ገጽ ላይ እንደሚገኙ በእጅሽ ቆጥረሽ ክብደታቸውን አስዪና ላኪልኝ።