ሬሳው ይቆይ፤ መጀመሪያ ጠያቂው ማን ነው?

ከዐቃቤ ሕግነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የወንጀል ልብ ወለድ የሚጽፉ ልጆች «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» እያሉ ረቂቅ ይልኩልኛል። ደስ ብሎኝ አነባለሁ። ሰሞኑን ደግሞ የሮማውያን ዘመን ፋሽን ሆኗል መሰለኝ፣ ታሪኩ ሁሉ ብሪታኒያ ጠረፍ፣ ሐድሪያን ግንብ ሥር ሄዷል። ጭጋግ አለ፣ ምሽግ አለ፣ ሬሳ አለ። ይሁን። ቅር የሚለኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሬሳው እንደተገኘ አንድ ብልህ ሰው ብድግ ይልና መጠየቅ ይጀምራል። አዛዡን ይጠይቃል፣ ነጋዴውን ይጠይቃል፣ የአዛዡን ሚስት ሳይቀር ይጠይቃል። ሁሉም አርፈው ቁጭ ብለው ይመልሱለታል።

ለምን ይመልሱለታል? ይህን ሳታውቁ ገዳዩን አትምረጡ። ምርመራ ሲባል ከብልህነት በፊት ሥልጣን ይቀድማል። ስንት ጎበዝ መርማሪ «አንተ ማነህና ነው የምትጠይቀኝ?» በሚል አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ሲቀር አይቻለሁ።

ሮም ጠረፍ ላይ ፖሊስ የሚባል ነገር የለም። መዝገብ የሚከፍት፣ ኤግዚቢት የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት የለም። ነገሩ እንዲገባችሁ አያቶቻችሁን ስለ አውጫጭኝ ጠይቋቸው። የአገሩ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ አጥፊው ካልታወቀ ወደ ቤት መሄድ የለም። መርማሪው ራሱ ሕዝቡ ነበር። ብሪታኒያ ውስጥ ደግሞ የተሰረቀ ሰው አማልክት ዘንድ ይከሳል። ባዝ በምትባለው ከተማ ፍል ውሃ ውስጥ 130 ያህል ጽሑፍ የተጫረባቸው ስስ የእርሳስ ቁርጥራጮች ተገኝተዋል። ዶኪሊያኖስ የተባለ ሰው ቆብ ያለው ካባው ተሰርቆበት ሌባውን «ወንድም ይሁን ሴት፣ ባሪያም ይሁን ነፃ» ብሎ ለሱሊስ አምላክ አሳልፎ ሰጥቷል። ካባውን ቤተ መቅደሷ ድረስ እስኪያመጣ እንቅልፍና ልጅ እንድትነሳው ይለምናታል። ክሱ ይኸው ነው።

በምድር ላይ አቤት የሚባልለት ሰው ከተፈለገ ወታደር ነው። ሮማውያን በገዟት ግብፅ የተገኙ ፓፒረሶች ላይ ሰው ተደበደብኩ፣ ተሰረቅኩ እያለ ለመቶ አለቃ ያመለክታል። ብሪታኒያም ተመሳሳይ ሰው ነበራት። ቪንዶላንዳ ከሚባለው ምሽግ ከ1973 ጀምሮ በቀለም የተጻፈባቸው፣ ፖስት ካርድ የሚያህሉ ስስ የእንጨት ቅጠሎች ወጥተዋል። በአንዱ ላይ አኒዩስ ኤኩዌስተር የሚባል፣ ሉጉዋሊዩም ላይ የተመደበ የአውራጃ የመቶ አለቃ እናገኛለን። ቦታው የዛሬዋ ካርላይል ነው፤ ጊዜው 100 ገደማ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መርማሪ የምትፈልጉ ከሆነ እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ፍጠሩ። ሰዎች ሊመልሱለት ይገደዳሉ። ሊዋሹትም ምክንያት አላቸው።

ከቪንዶላንዳ ጽሑፎች ሁሉ አንዱን እንድታጠኑ እፈልጋለሁ። አንድ ነጋዴ በበትር ተደብድቧል። የመታው ማን እንደሆነ ከተረፈው ጽሑፍ አይለይም። ሰውየው አቤቱታውን የጻፈው አዲስ ቅጠል ላይ አይደለም፤ የስንዴ ሒሳብ የያዘበትን ገልብጦ ጀርባው ላይ ነው። «ግርማዊነትህ» ይላል። ለንጉሠ ነገሥቱ ለሐድሪያን ነው የሚሉ አሉ፣ ለአገረ ገዥው ነው የሚሉም አሉ። ለአዛዡ እንዳላመለክት ታሞ ተኛ ይላል። ለረዳት ሹሙና ለዚያው ጦር የመቶ አለቆች ብነግርም ሰሚ አጣሁ ይላል። ከባሕር ማዶ የመጣሁ ንጹሕ ሰው ነኝ፣ ታማኝነቴን ጠይቀህ መረዳት ትችላለህ፣ ወንጀል እንደሠራ ሰው በበትር ልደማ አይገባኝም ይላል።

እኔ ይህን ሳነብ እንደ ባለሙያ ነው ጆሮዬ የሚቆመው። አቤቱታ ሰሚዎቹ የዚያው ጦር ሰዎች ናቸው። አለቃው ታሟል፤ በእውነት ታሞ ነው ወይስ ላለመስማት? የነጋዴው እቃስ ምን ሆነ? ከእህል ሒሳቡ ጋር ድብደባው ይገናኛል? «ጠይቀህ መረዳት ትችላለህ» ሲል ማንን ነው የሚጠይቁለት? አንድ ሙሉ ልብ ወለድ እዚህ ተኝቷል፣ ያውም ያለ ሬሳ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የተጠያቂው ማንነት ነው። ለዚህ ሩቅ አትሂዱ፤ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ከፍታችሁ የሐዋርያት ሥራን ከምዕራፍ 21 እስከ 25 አንብቡ። አገሩ ይሁዳ ነው፣ ሥርዓቱ ግን ያው የሮም ነው። የሻለቃው ሉስዮስ ጳውሎስን አስሮ ሊያስገርፈው ሲል የሮም ዜጋ መሆኑን ይሰማና ይደነግጣል። ያልተፈረደበትን ዜጋ መግረፍ ክልክል ነዋ። ቆይቶ ለገዥው ለፊልክስ ደብዳቤ ሲጽፍ ግን ምን ይላል? ሮማዊ እንደሆነ ስለተረዳሁ ደርሼ አዳንሁት ይላል። ቅደም ተከተሉን ገለበጠው! ሰንሰለቱንም፣ ጅራፉንም ዘለለ። እንዲህ ያለ ሪፖርት በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ እጄ ላይ እንደገባ አትጠይቁኝ። ለምርመራ ልብ ወለድ ከደም ጠብታ የበለጠ ፍንጭ ይኸው ነው፤ አለቃን ላለማስቀየም የተስተካከለ ወረቀት።

የባሪያው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የባሪያ ምስክርነት በማሠቃየት ነበር የሚወሰደው። ጌታ በባሪያው ከተገደለ ደግሞ እዚያ ቤት ያሉት ባሮች ሁሉ ለሞት ይዳረጋሉ። በ61 ሮም ከተማ ውስጥ ፔዳኒዩስ ሴኩንዱስ የተባለው የከተማው ሹም በባሪያው ተገደለና 400 ባሮች ተገድለዋል። ሕዝቡ በተቃውሞ ወጥቶ ነበር፤ ኔሮ መንገዱን በወታደር አጥሮ አስፈጸመው። እንግዲህ አስቡት። ጠረፍ ላይ አንድ አዛዥ አልጋው ላይ ሞቶ ቢገኝ እውነቱን ለማወቅ ከሁሉ የሚቸኩለው ማን ነው? ወጥ ሠሪዋ ናት፣ ፈረስ ጠባቂው ነው። ገዳዩ ከውጭ የመጣ መሆኑ እስኪነጋ ካልታወቀ እነሱ አለቀላቸው። የመጠየቅ መብት ግን የላቸውም። እንዲህ ያለች ወጥ ሠሪ ያላት ረቂቅ እስካሁን አልደረሰኝም። እየጠበቅኩ ነው።

ስለ ማስረጃ ብዙ አልልም፤ የጣት አሻራ አታምጡብኝ፣ በቃ። አንድ ሰነድ ግን ልጠቁማችሁ። ከ90 እስከ 99 ባሉት ዓመታት የተጻፈ፣ ቪንዶላንዳ ላይ የሰፈረው የአንደኛው የቱንግሪያውያን ጦር የሰው ኃይል ዝርዝር ነው። ጠቅላላው 752 ሰው። ከዚያ ውስጥ 456ቱ ሌላ ቦታ ናቸው፤ 337ቱ እዚያው ብሪታኒያ ውስጥ ኮሪያ በሚባል ቦታ። ምሽጉ ውስጥ የቀሩት 296 ሲሆኑ 31ዱ ለሥራ አይበቁም፤ 15ቱ ታመዋል፣ 6ቱ ቆስለዋል፣ 10ሩ ዓይናቸውን ታመዋል። ከስድስቱ የመቶ አለቆች ምሽጉ ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው። እናንተ ደግሞ በየገጹ ምሽጉን በወታደር ትሞሉታላችሁ! እዚያን ቀን ሰው ቢሞት የሚጠይቀው ያ አንድ የመቶ አለቃ ነው። እሱ ራሱ ተጠርጣሪ ከሆነስ? የሞት ፍርድ የሚሰጠው አገረ ገዥ ለንደን ነው፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ።

ሬሳ ካልኖረ አንጽፍም ለምትሉ፣ እውነተኛው አለላችሁ። ከቪንዶላንዳ ብዙ ሳይርቅ፣ ሃውስቴድስ ከሚባለው ምሽግ ውጭ ባለው መንደር፣ በ1930ዎቹ ቁፋሮ ከአንድ ቤት ወለል ሥር ሁለት አፅም ተገኝቷል። በአንደኛው ጎድን መሐል የቢላ ጫፍ ተሰክቷል። የሮም ሕግ ሙታን ከመኖሪያ ውጭ እንዲቀበሩ ያዛል፤ ስለዚህ እዚያ የተቀበሩት ተደብቀው ነው። ብዙዎቻችሁ ታሪኩን ከቢላው ትጀምራላችሁ። እኔ ብሆን ቤቱን ኋላ ከተከራየው ሰው እጀምር ነበር። ወለሉን ሲያድስ አጥንት አገኘ እንበል። ለማን ይናገራል? ወታደር ካልሆነ፣ ዜጋም ካልሆነ፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ራሱ ይሆናል።

ረቂቅ ስትልኩልኝ ዓመቱን መጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። በ212 ንጉሠ ነገሥቱ ካራካላ በግዛቱ ለሚኖሩ ነፃ ሰዎች ለሁሉም ማለት ይቻላል ዜግነት ሰጥቷል። ከዚያ በኋላ የሰውን ጀርባ ከጅራፍ የሚያድነው ዜግነቱ ሳይሆን ማዕረጉና ሀብቱ ነው። ታሪኩ ከ212 በፊት ይሁን በኋላ ካልነገራችሁኝ የመቶ አለቃው ማንን መግረፍ እንደሚችል ላውቅ አልችልም፤ የምስክሮቹን ቃልም ማመን ያስቸግረኛል።