የመጀመሪያ ሚረርለስ ካሜራ አመራረጥ፦ ጥያቄና መልስ

የመጀመሪያ ካሜራቸውን ለመግዛት ያሰቡ ሰዎች ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ሚረርለስ የሚባለው በውስጡ መስተዋት የሌለው፣ ሌንሱ የሚቀየር ካሜራ ነው። ጥያቄዎቹ የሚመለከቱት ከፉል ፍሬም ያነሰ ሴንሰር (ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚሠራ ክፍል) ያላቸውን፣ ማለትም ኤፒኤስ-ሲ እና ማይክሮ ፎር ሰርድስ የሚባሉትን ካሜራዎች ነው። ዋጋ ከሻጭ ሻጭ ስለሚለያይ የብር መጠን አልጠቀስኩም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የማማክራቸው ሰዎች ሁሉ «ፉል ፍሬም ካልሆነ ገንዘብህን አታባክን» ይሉኛል። የሴንሰሩ ማነስ በእርግጥ ይህን ያህል ይጎዳል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልዩነት መኖሩ እውነት ነው፤ የሚያሳዝነኝ ግን ልዩነቱ ተጋኖ በመነገሩ ብዙ ጀማሪዎች ከካሜራ መራቃቸው ነው። የፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በሶኒ፣ በኒኮንና በፉጂፊልም ካሜራዎች ውስጥ የሚገኘው ኤፒኤስ-ሲ ወደ 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ የካኖን ትንሽ ያንሳል። በስፋት ሲሰላ ፉል ፍሬሙ 2.4 እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ በተመሳሳይ አፐርቸር (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ ስፋት) እና ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) የሚሰበስበው ብርሃንም በዚያው ልክ ይበልጣል ማለት ነው። አሁን ይህን ከሌንስ ጋር ያነጻጽሩት። ከካኖን አር50 ጋር የሚሸጠው 18-45 ኪት ሌንስ እስከ 45 ከተሳበ አፐርቸሩ ከኤፍ/6.3 በላይ አይከፈትም፤ የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። በዚያው ካሜራ ላይ ኤፍ/1.8 የሆነ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲገጠም ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን 12 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ አቅሙ የተወሰነ ሰው መጠነኛ ቦዲ (ሌንስ የሌለው ካሜራ) ገዝቶ የተረፈውን ጥሩ ሌንስ ላይ እንዲያውለው እመክራለሁ። በየሳምንቱ የማታ ሠርግ ለሚያነሳ ባለሙያ ግን፣ ጥሩ ሌንስ ከፉል ፍሬም ጋር ሲጣመር የሚሰጠውን ጥቅም አልክድም።

ጥያቄ፦ እኔ የምፈልገው ቤት ውስጥ ቤተሰቤን ለማንሳት ነው። እናቴ ቡና ስታፈላ በስልክ ሳነሳት እጇ ይደበዝዛል። ስቴብላይዘር ያለው ካሜራ ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ስቴብላይዘር የሚያስተካክለው የእርስዎን እጅ መንቀጥቀጥ እንጂ የእናትዎን እጅ እንቅስቃሴ አይደለም። ከጀበናው ቡናውን ሲቀዱ እጃቸው ጥርት ብሎ እንዲታይ ሻተሩ ቢያንስ 1/125 ሰከንድ መሆን አለበት። በአንድ አምፖል በበራ ሳሎን ውስጥ ኪት ሌንሱ በኤፍ/6.3 ሲሠራ፣ ይህ ፍጥነት አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ 12800 ይወስደዋል፤ በዚህ ጊዜ ፎቶው በኖይዝ፣ ማለትም በጥቃቅን ነጠብጣቦች ይሞላል። በኤፍ/1.8 ግን ለዚሁ ቦታ አይኤስኦ 1000 ገደማ ይበቃል፤ በዚህ ደረጃ የዛሬ ኤፒኤስ-ሲ ካሜራዎች ሁሉ ንጹሕ ፎቶ ይሰጣሉ። የሌንሱን ርዝመት ሲመርጡ ግን ይጠንቀቁ። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በካኖን ኤፒኤስ-ሲ ላይ በፉል ፍሬም ላይ ያለ የ80 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያህል እይታውን ስለሚያጠብ፣ በጠባብ ሳሎን ውስጥ ጀርባዎ ግድግዳ ነክቶም ረከቦቱና እናትዎ አብረው አይገቡልዎትም። ለቤት ውስጥ ከ23 እስከ 35 ያለው ይሻላል፤ ለሶኒም ለኒኮንም የሚገኘው ሲግማ 30 ኤፍ/1.4 ለዚህ ሥራ ከማውቃቸው ሌንሶች ሁሉ የምወደው ነው።

ጥያቄ፦ በበዓል ቀን ነጠላ የለበሱ ሰዎችን ሳነሳ ፊታቸው ይጠቁራል። ካሜራ ብቀይር ይስተካከላል?

መልስ፦ ካሜራ መቀየር ብቻውን አያስተካክለውም፤ ሆኖም ይህ ጥያቄ በምርጫዎ ላይ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ካሜራ የሚለካው የብርሃኑን አማካይ ነው፤ ነጭ ነጠላ ፍሬሙን ሲሞላው ትዕይንቱ ከመጠን በላይ የበራ ይመስለውና ምስሉን ያጨልመዋል፤ ጉዳቱ ሁሉ ፊት ላይ ያርፋል። መፍትሔው በኤክስፖዠር ማካካሻው (ምስሉን ማድመቂያና ማጨለሚያው) ግማሽ ወይም አንድ ደረጃ መጨመርና የነጠላው ድርና ማግ ከነጭነቱ ብዛት እንዳይጠፋ እየተመለከቱ ማቆም ነው። በሮው ፋይል (ካሜራው ባላዘጋጀው ጥሬ ፋይል) ካነሱ የፊቱን ጥላ በኋላ ቀስ ብለው ማንሳት ይችላሉ፤ አንዴ ነጥቶ የጠፋ ጥለት ግን ተመልሶ አይገኝም። በሚረርለስ ካሜራ ይህን ሁሉ ሳያነሱ በፊት በቪውፋይንደሩ (ዓይን ተጠግቶ በሚያይበት መስኮት) ውስጥ እንዳለ ያዩታል። በጥምቀት ዕለት በጃን ሜዳ ቀትር ላይ የጀርባው ስክሪን በፀሐይ ብርሃን ስለሚዋጥ ቪውፋይንደር የግድ ያስፈልጋል። ኒኮን ዜድ30 እና ሶኒ ዜድቪ-ኢ10 ቪውፋይንደር የላቸውም፤ ካኖን አር50፣ ኒኮን ዜድ50 እና ሶኒ ኤ6400 አላቸው። ከቤት ውጭ የሚያነሱ ከሆነ ከኋለኞቹ ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ከድሮው ዲኤስኤልአር (መስተዋት ያለው ካሜራ) የተረፉ የካኖን ኢኤፍ ሌንሶችና ፍላሽ አሉኝ። አር50 ብገዛ ይሠሩልኛል?

መልስ፦ ሌንሶቹ ይሠራሉ። የካኖን ኢኤፍ-ኢኦኤስ አር አዳፕተር በውስጡ የሌንስ ብርጭቆ ስለሌለው የምስሉን ጥራት አይቀንስም፤ አውቶፎከሱም ይሠራል። ፍላሹ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አር50 ላይ ያለው የፍላሽ መግጠሚያ አዲስ ዓይነት በመሆኑ፣ የድሮ ስፒድላይቶችን (የካኖን ፍላሾችን) ለመጠቀም ኤዲ-ኢ1 የሚባል ተጨማሪ አዳፕተር መግዛት ግድ ይላል። ይህን ሳያውቁ ገዝተው ሥራ ቦታ ደርሰው የሚቸገሩ ስላሉ አስቀድሜ ልንገርዎት ወደድሁ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ካኖን ኤም50 በጣም ረክሶ አግኝቻለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ካሜራው መጥፎ አይደለም፤ የተሠራበት ሲስተም ግን ቆሟል። በ2012 የተጀመረው የኢኦኤስ ኤም መስመር በ2023 ተቋርጧል፤ የኤም ሌንሶችም በአሁኖቹ አር ካሜራዎች ላይ አይገጠሙም። ከነሌንሱ ገዝተው እስኪያረጅ ሊሠሩበት ከሆነ ይግዙት፤ ቀስ በቀስ ሌንስ እየጨመሩ ለማደግ ካሰቡ ግን ይተዉት።

ጥያቄ፦ አር100 ከአር50 ይረክሳል። ይበቃኛል?

መልስ፦ ለፎቶ ብቻ ይበቃዎታል። ስክሪኑ አይታጠፍም፣ በጣት ነክተውም አያዝዙትም፤ 4ኬ ቪዲዮ ሲቀርጽም ምስሉን ያጠባል። ለቪዲዮ አልመክረውም።

ጥያቄ፦ 24 ሜጋፒክስል ለትልቅ ኅትመት ያንሳል?

መልስ፦ አያንስም። 6000 በ4000 ፒክስል በ300 ዲፒአይ ሲታተም 51 በ34 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወፎችን ማንሳት እወዳለሁ። ማይክሮ ፎር ሰርድስ ለዚህ ይሻላል የሚሉ አሉ።

መልስ፦ ምክንያት አላቸው። ሴንሰሩ 17.3 በ13 ሚሊ ሜትር በመሆኑ፣ የፓናሶኒክ 100-300 ሌንስ በፉል ፍሬም የ200-600ን ያህል ያቀርብልዎታል፤ ክብደቱም አንገት አያደክምም። ነገር ግን ርካሾቹ ማይክሮ ፎር ሰርድስ ካሜራዎች፣ ለምሳሌ ኦሊምፐስ ኢ-ኤም10 ማርክ 4፣ ፎከስ የሚያደርጉት በኮንትራስት (የምስሉን ጥራት እያነጻጸሩ) ብቻ ስለሆነ በክንፉ እየበረረ ያለን ወፍ ተከትለው ለመያዝ ይቸገራሉ። ቅርንጫፍ ላይ ላረፈ ወፍ ተስማሚ ናቸው፤ ለሚበር ወፍ የካኖን ወይም የሶኒ ኤፒኤስ-ሲ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር የሚኖር ወንድሜ ያገለገለ ካሜራ ሊገዛልኝ ነው። ምን እንዲያይ ልንገረው?

መልስ፦ በመጀመሪያ አፐርቸሩን ኤፍ/16 አድርጎ ጥርት ያለ ሰማይ ያንሳ፤ ፎቶው ላይ ጥቁር ነጠብጣቦች ከታዩ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ወይም ቆሻሻ አለ፤ በጽዳት የማይለቅ ከሆነ ጭረት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ሌንሱን ነቅሎ በአንድ በኩል የስልኩን መብራት እያበራ በሌላው በኩል ይመልከት፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካየ ፈንገስ ነውና አይግዛ። ሌንስ ሲነቅሉ የካሜራውን አፍ ወደ ታች ማድረግን ሁለታችሁም ልማድ አድርጉት፤ በሚረርለስ ካሜራ ሴንሰሩን ከአቧራ የሚጋርድ መስተዋት የለም። ካሜራው ሶኒ ከሆነ ደግሞ ለጃፓን ገበያ የተሠራ አለመሆኑን ያረጋግጥ፤ ለዚያ ገበያ የተሠሩት ሜኑአቸው በጃፓንኛ ብቻ ነው፤ ቋንቋውን ከሜኑ ውስጥ መቀየርም አይቻልም።