የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የትራም ሞጁሎች ጫፍ ለጫፍ እንዲገጥሙ

የታሪካዊ ከተሞችን ትራም (በጎዳና ላይ በሐዲድ የሚሄድ የከተማ ባቡር) በአነስተኛ ሞዴል ለሚሠሩ አንባቢዎች የከፈትነው ዓምድ ነው። የዛሬዎቹ ጥያቄዎች የመጡት ከባሕር ዳር ነው። ሞጁል ስንል አንድ ሰው ብቻውን የሚያነሳው፣ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር ሲገጥም አንድ መንገድ የሚሆን የእንጨት ሣጥን ማለታችን ነው።

ጥያቄ፦ የሊዝበንን ቢጫ ትራም በ1፡87 (ከእውነተኛው 87 ጊዜ አሳንሼ) መሥራት እፈልጋለሁ። ያለኝ ቦታ 20 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው አንድ መደርደሪያ ብቻ ነው። ባለ 9 ሚ.ሜ. ሐዲድ ልግዛ ወይስ ባለ 12? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ እውነተኛው የሊዝበን ሐዲድ 900 ሚ.ሜ. ስፋት አለው። ለ87 ሲካፈል 10.3 ሚ.ሜ. ይመጣል። ስለዚህ ባለ 9ኙ በ1.3 ሚ.ሜ. ይጠብብዎታል፣ ባለ 12ቱ በ1.7 ይሰፋብዎታል። እኛ ባለ 9ኙን እንመርጣለን። ለእውነቱ ስለሚቀርብ ብቻ አይደለም፤ የ1፡160 ባቡሮች መደበኛ ሐዲድ ስለሆነ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ጠባብ ኩርባም ያገኙበታል። የጃፓኑ ካቶ የተባለ አምራች ዩኒትራም ብሎ የሚሸጠው ከነአስፋልቱ የተሠራ ሐዲድ ለምሳሌ ጠባብ ኩርባ አለው። የሊዝበኗ ትራም አጭርና ባለ ሁለት አክስል ስለሆነች እዚህ ኩርባ ላይ አትቸገርም።

ለመደርደሪያዎ ግን ነጠላ ሐዲድ ይበቃዎታል። በሊዝበን አሮጌው የአልፋማ ሰፈር መንገዱ በጣም የሚጠብባቸው ቦታዎች ላይ ሁለት ትራም ጎን ለጎን ማለፍ ስለማይችል አንዱ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። ነጠላ ሐዲድ ዘርግተው በሁለቱም በኩል ቤቶቹን እስከ ሐዲዱ ቢያስጠጉ ቦታ ያጠራቸው ሳይሆን ከተማዋን ያወቁ ሠሪ ያስብልዎታል።

ጥያቄ፦ በመጋቢት ከ18 ሚ.ሜ. ችፑድ አራት ሞጁል ሠራን፤ ልክክ ብለው ገጥመው ነበር። በነሐሴ ስናወጣቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ሐዲዱ 1 ሚ.ሜ. ያህል ከፍና ዝቅ ብሏል፤ ትራሙም ይወድቃል። ብሎኑን ብናጠብቀውም አልተስተካከለም። ምን ይሻላል? (ከግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ጥፋቱ የችፑዱ ነው። ችፑድ የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ስለሆነ እርጥበት በተቆረጠው ጠርዙ ይገባና ያብጣል። ሲደርቅም ሙሉ በሙሉ ወደ ልኩ አይመለስም፤ ቪቴ የገባበትም ቦታ ይላላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የጣና ዳር እርጥበት ያልተቀባ ችፑድ ልኩን ይጠብቃል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ሐዲዱንና ቤቶቹን በጥንቃቄ አንሱና ሣጥኖቹን እንደ አዲስ ሥሯቸው። ጥገናው ከአዲሱ ሥራ የበለጠ ጊዜ ይበላል።

አዲሶቹን ከኮምፔርሳቶ ሥሩ። ላዩ 9 ሚ.ሜ.፣ ሁለቱ የጫፍ ሰሌዳዎች 15 ሚ.ሜ. ይሁኑ። 60 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ 25 ሳ.ሜ. ወርድና 8 ሳ.ሜ. ቁመት ለመሸከምም ለማስቀመጥም ይመቻል።

ከዚህ በኋላ ያለው ድካም ሁሉ ጫፉ ላይ ይዋል። ቤቱ ቢጣመም፣ መንገዱ ቢጎረብጥ ትራሙ ይሄዳል፤ ጫፉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሳተ ግን አይሻገርም። ስምንቱን የጫፍ ሰሌዳዎች እያንዳንዳቸውን በሜትሮ እየለካችሁ አትብሷቸው። ብረታ ብረት ቤት 4 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ላሜራ በ25 በ8 ሳ.ሜ. አስቆርጡና አራት ቀዳዳ አስበሱበት፦ ሁለቱ 8 ሚ.ሜ. ለብሎን፣ ሁለቱ 6 ሚ.ሜ. ለፒን። ይህን ላሜራ በየሰሌዳው ላይ በሞርሳ እያጣበቃችሁ በእሱ ቀዳዳ ውስጥ ብሱ። ቀዳዳዎቹ ከመሐል መስመሩ ግራና ቀኝ እኩል መራቃቸውን አረጋግጡ፤ እኩል ካልሆኑ የአንዱ ሞጁል ቀኝ ጫፍ ከሌላው ግራ ጫፍ ጋር አይገጥምም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ብሎን ያጠብቃል እንጂ አያስተካክልም፤ የእናንተ ብሎን ቢጠብቅም ለውጥ ያላመጣው ለዚህ ነው። የሚያስተካክለው ፒኑ ነው። 6 ሚ.ሜ. ለስላሳ የብረት ዘንግ ቆርጣችሁ በአንደኛው ሰሌዳ ላይ 1.5 ሳ.ሜ. ወደ ውጭ እንዲወጣ አጣብቁት። የሚገባበትን ቀዳዳ ደግሞ አስፍታችሁ ውስጡ 6 ሚ.ሜ. የሆነ የብረት ወይም የነሐስ ቱቦ አልብሱት፤ ባዶ እንጨት ከሆነ ፒኑ ሲገባ ሲወጣ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ብሎኑ 6 ሚ.ሜ. ሆኖ በ8 ሚ.ሜ. ቀዳዳ ውስጥ ሰፊ ሮንዴላና ጆሮ ያለው ዳዶ ይኑረው። ልቅ መሆኑ ሆን ተብሎ ነው፤ ከፒኑ ጋር እንዳይሻማ።

ቀለም ወይም ቨርኒሽ ሁለት እጅ ቀቡ፤ ላዩንም፣ ታቹንም፣ የሣጥኑን ውስጥም፣ የተቆረጡትን ጠርዞችም፣ ቀዳዳዎቹንም። ላዩ ብቻ ተቀብቶ ታቹ ከቀረ አንደኛው ወገን ብቻ እርጥበት ስለሚስብ ጣውላው እንደ ሰፌድ ይጎብጣል።

ሐዲዱ የሚዘረጋው በመጨረሻ ነው። ሁለት ሞጁል በፒንና በብሎን አያይዛችሁ ሐዲዱን ሳትቆርጡ በመገጣጠሚያው ላይ አሳልፉት። ከእያንዳንዱ ጠርዝ 1 ሳ.ሜ. ገባ ብሎ በየሐዲዱ ሥር አንድ አንድ የነሐስ ቪቴ ይግባ፤ ጭንቅላቱ የሐዲዱን ሆድ እስኪነካ ድረስ በካቻቢቴ አስተካክሉና በሶልደር በይዱት። ከዚያ በቀጭን መጋዝ ልክ በመገጣጠሚያው ላይ ቁረጡት። ተራው የጥፍር ነው፦ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር በሐዲዱ አናትና በውስጠኛው ጎኑ ላይ ጎትቱት። ጥፍሩ ከያዘው መንኮራኩሩም ይይዘዋል፤ በቀጭን ሞረድ ጠርዙን አለስልሱት። ክረምት ላይ ሞጁሎቹን ሁለት ሁለቱን ፊት ለፊት አያይዛችሁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ አይሁን።

ጥያቄ፦ ባለ አራት መንኮራኩሯ ትራሜ በዝግታ ስትሄድ ድንገት ትቆማለች፤ በጣት ስገፋት ትቀጥላለች። ሞተሩ ደህና ነው። (ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ መጀመሪያ ገልብጠው መንኮራኩሮቿን ይዩ። እንዳትንሸራተት ተብሎ ሁለቱ የጎማ ቀለበት ለብሰው ይሆናል። ጎማ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ኃይል የሚሰበስቡት ሁለት መንኮራኩሮች ብቻ ናቸው፣ አንዲት ነጥብ ቆሻሻም ትበቃለች ማለት ነው። ያለ ጎማ የሚመጣ መለዋወጫ አክስል ካለ ይቀይሩት፤ ለጥ ባለ ሞጁል ላይ ጎማ አያስፈልጋትም።

ሐዲዱን በአልኮል በራሰ ጨርቅ ይወልውሉ። በብርጭቆ ወረቀት አይፈትጉት፤ በሚጭረው ጭረት ውስጥ ቆሻሻ ይገባና በሚቀጥለው ሳምንት ይብስበታል። ከዚያ ሽቦውን ይፈትሹ። ኃይሉ ከሞጁል ወደ ሞጁል በሐዲድ ማያያዣ ብቻ እንዲያልፍ ከተደረገ ይደክማል። በእያንዳንዱ ሞጁል ሆድ ሥር 0.75 ሚ.ሜ. ካሬ የሆነ ሁለት ሽቦ ያሳልፉና ከዚያ ወደ እያንዳንዱ ሐዲድ አጭር ቀጭን ሽቦ ይበይዱ። መብራት ሲጠፋ ባለ 12 ቮልት የሞተር ሳይክል ባትሪ ያሠራዎታል፤ ነገር ግን ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ የ1 አምፔር ፊውዝ ሳያስገቡ አያገናኙት። ሐዲዱ ላይ የወደቀ አንድ ካቻቢቴ ሽቦውን ሊያቀልጠው ይችላል።

ጥያቄ፦ ሁለት የፕራግ ታትራ ቲ3 ትራሞች ቀጥታው ላይ ይተላለፋሉ፤ ኩርባው ላይ ይጋጫሉ። በሐዲዶቹ መካከል 40 ሚ.ሜ. አለ፣ ራዲየሱ 20 ሳ.ሜ. ነው። (ከፖሊ አካባቢ)

መልስ፦ ቲ3 ወደ 14 ሺሕ የሚጠጋ ቁጥር የተመረተለት፣ በብዙ ከተሞች የታየ ትራም ነው፤ ርዝመቱ 14 ሜትር፣ ወርዱ 2.5 ሜትር፣ በሁለቱ ቦጊዎች (መንኮራኩሮቹን የያዙት ከሥር የሚዞሩ ክፍሎች) መሐል ያለው ርቀት 6.4 ሜትር። በ1፡87 ርዝመቱ 161 ሚ.ሜ.፣ ወርዱ 29፣ የቦጊዎቹ ርቀት 74 ይሆናል። በእርስዎ ኩርባ ላይ የውጪኛው ትራም ሆድ 3.4 ሚ.ሜ. ወደ ውስጥ ይገባል፤ የውስጠኛው ትራም አፍንጫና ጭራ ደግሞ ወደ 13 ሚ.ሜ. ወደ ውጭ ይወጣሉ። 29 ሲደመር 16.4፣ 45 ሚ.ሜ. አለፈ፤ 40ው የማይበቃው ለዚህ ነው። የቲ3 ጫፎች ጠበብ ስለሚሉ ትንሽ ያተርፉልዎታል፤ በዚያ ግን አይተማመኑ። ቀጥታውን እንደነበረ ይተዉትና ኩርባው ከመጀመሩ 15 ሳ.ሜ. በፊት ሐዲዶቹን ቀስ በቀስ አራርቀው 50 ሚ.ሜ. ያድርሱት። የሞጁሉ ጫፍ ላይ ሁልጊዜ 40 ይሁን፤ አለበለዚያ ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም።

ጥያቄ፦ በሐዲዱ መካከል በጄሶ የሠራሁት ኮብልስቶን መንኮራኩሩን ያነሳዋል። (ከሽምብጥ)

መልስ፦ ከፍ አድርገው ሞልተውታል። የጄሶው አናት ከሐዲዱ አናት ግማሽ ሚሊ ሜትር ዝቅ ይበል። በውስጠኛው ጎን ለመንኮራኩሩ ከንፈር 1.5 ሚ.ሜ. ስፋትና ከዚያ ያላነሰ ጥልቀት ያለው ቦይ ይተዉ። ጄሶው እርጥብ ሳለ ያልተጫነች አንዲት ቫጎን በእጅ እየገፉ ቢያመላልሱ ቦዩን ራሷ ትቀደዋለች፤ ወዲያው መንኮራኩሮቿን ይጠቡ። ድንጋዮቹን መጫር ያለብዎት ጄሶው እንደ አይብ ጠንከር ሲል ነው። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ ይፈረፈራል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ትራም ኖሯት አያውቅም። ቢሆንም የዘንባባውን ጎዳና ከትራም ጋር ብሠራ ያስነውራል? ከትራሙ በላይ የሚዘረጋውን ሽቦስ ከምን ልሥራ? (ከሐይቁ ዳር)

መልስ፦ አያስነውርም፤ ሞጁሉ ጫፍ ላይ «ምናባዊ» ብለው ይጻፉበት። በአገራችን የከተማ ባቡር የተጀመረው በ2015 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ስለዚህ ለጎዳናዎ የድሮ መልክ ከፈለጉ ትራሙን ከውጭ ይውሰዱት። የካይሮ ትራም በ1896 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ስለሆነ ከአህጉራችን ሳይወጡ ምሳሌ ያገኛሉ።

ለሽቦው 0.25 ሚ.ሜ. የሆነው ቀጭኑ የጊታር ክር ይበቃል። ከሐዲዱ አናት 63 ሚ.ሜ. ከፍ ይበል፤ በእውነቱ 5.5 ሜትር ማለት ነው። ሽቦውን ከሞጁል ወደ ሞጁል አያሻግሩት። የመጨረሻዎቹን ምሰሶዎች ከጠርዙ 1 ሳ.ሜ. አስገብተው ሽቦውን እዚያ ይጨርሱ፤ በትራሙ ጣሪያ ላይ ያለው ዘንግ ሽቦውን እንዳይነካ 2 ሚ.ሜ. ዝቅ ብሎ በክር ይታሰር። ከአንድ ሜትር ርቀት ማንም አይለየውም፤ ሞጁሎቹ ሲለያዩም የሚበጠስ ነገር አይኖርም።