ካሴት፣ ፍላሽና የማይዘለል ማስታወቂያ፦ የቅዳሜ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ሰላም ቤተሰብ። እንደተባባልነው ዛሬ ጥያቄ የምቀበልበት ቀን ነው። ርዕሱን ታውቃላችሁ። ድሮ ቴሌቪዥን በዴክ፣ ማለትም በቪዲዮ ካሴት መቅጃና ማጫወቻ፣ እንቀዳ ነበር። ዛሬ በኢንተርኔት ማስታወቂያ እየተጋትን እናያለን። ምን አገኘን፣ ምን አጣን? እኔ ጅማ መርካቶ አካባቢ ዴክ፣ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር ስጠግን 30 ዓመት ሊሞላኝ ነው። የማውቀውን እመልሳለሁ።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የሻገተ ካሴት ዴክ ውስጥ አታስገቡ። ሁለተኛ፣ ስለ ሪሲቨር የምትጠይቁ ሞዴሉንና ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ጻፉልኝ። «አልሠራ አለኝ» ብቻ ከሆነ ልረዳችሁ አልችልም።

የሂርማታው፦ ጋሼ፣ እኔ ዴክ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ሰው ግን ቴሌቪዥን ለምን ይቀዳ ነበር?

ጋሼ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ጀመረ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የነበረን እሱ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ካመለጠህ አመለጠህ። ዴክ የገባበት ቤት ግን ሰዓቱን ራሱ ማዘዝ ጀመረ። ቪኤችኤስ የሚባለውን የቪዲዮ ካሴት ዓይነት የጃፓኑ ጄቪሲ ነው እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው። ኢ-180 የሚባለው ካሴት ሦስት ሰዓት ይይዛል። ዴኩ ሎንግ ፕሌይ ካለው ስድስት ሰዓት ይሄዳል፣ ጥራቱ ግን ይወርዳል።

አባቴ እንዴት ይቀዳ እንደነበር ልንገርህ። የእሁዱ መዝናኛ ሊጀምር ሲል በርጩማውን ዴኩ ፊት ያደርጋል። ሪከርድና ፕሌይ አንድ ላይ ይጫናል። ማስታወቂያ ሲመጣ ፖዝ። ሲያልቅ ይለቀዋል። ፖዙ አምስት ደቂቃ ገደማ ከቆየ ዴኩ ክሩን እንዳይበላው ብሎ ራሱ ያቆማል። ስለዚህ አባቴ ዓይኑን ከስክሪኑ አይነቅልም። ቡናው እንኳን በእጁ ላይ ይቀዘቅዝ ነበር። በኋላ ስናየው በየመሃሉ ብልጭ የምትል መስመር አለች። እዚያ ጋ ማስታወቂያ ነበረ ማለት ነው።

ቀድቶ ሲጨርስ ከካሴቱ ጀርባ በግራ በኩል ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ በቢላ ጫፍ ይሰብራታል። ጥርሷ ከተሰበረች ዴኩ በላዩ አይቀዳም። አንድ ቀን ታላቅ ወንድሜ ቀዳዳዋን በፕላስተር ሸፍኖ የአክስታችን ሰርግ ላይ ኳስ ቀዳበት። ከሰርጉ የተረፈው ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ያለችው ግማሽ ደቂቃ ናት። አክስቴ ያቺን ግማሽ ደቂቃ እስካሁን እየመጣች ታያለች።

ቡና ነጋዴው፦ ቪኤችኤስ ቪኤችኤስ ትላላችሁ። የሶኒው ካሴት፣ ቤታማክስ፣ እሱ ነበር ጥራት!

የፈረንጅ አራዳው፦ ምኑን? መጀመሪያ ሲወጣ አንድ ሰዓት ብቻ ነበር የሚይዘው። አንድ ፊልም ለማየት ሁለት ካሴት ልትቀይር ነው?

ቡና ነጋዴው፦ ምስሉን አይተኸዋል? ሳታየው አትናገር።

የፈረንጅ አራዳው፦ አጎቴ ቤት ነበረ። አይቼዋለሁ። ልዩነቱ አይታይም።

ጋሼ፦ ተዉት በቃ፣ ይህ ክርክር ካለቀ ቆየ። ቤታማክስን የማነሳው ለሌላ ነገር ነው። የፊልም ኩባንያዎቹ ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ «ሰው ቤቱ ሆኖ ፕሮግራማችንን እየቀዳ ነው» ብለው ሶኒን ከሰሱት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ሰው በሚመቸው ሰዓት ለማየት ብሎ ቤቱ ቢቀዳ ጥፋት አይደለም ብሎ ወሰነ። ያ የእነሱ ሕግ ነው። ጠቡ ግን የአባቴ በርጩማ ላይ የነበረው ጠብ ነው። ሰዓቱን የሚያዝዘው ማነው? ማስታወቂያውን የሚዘልለው ማነው? ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቲቮ የሚባል ማሽን ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀዳ ጀመር። ማስታወቂያ በአንድ ቁልፍ ይታለፋል። ዛሬ በስትሪሚንግ፣ ማለትም በኢንተርኔት በቀጥታ በሚታየው፣ ያ ቁልፍ ራሱ ለሽያጭ ቀርቧል። መዝለል ከፈለግክ በየወሩ ትከፍላለህ።

ስም የለሽ 1፦ ሪሲቨሬ አልቀዳ አለ ምን ላድርግ

ጋሼ፦ የትኛው ሪሲቨር? ምን ጽሑፍ ወጣ? ከላይ ያልኩትን አንብብ።

የቆጪዋ ተማሪ፦ ጋሼ፣ ማታ 2 ሰዓት የሚጀምር ድራማ ፍላሽ ላይ እንዲቀዳ ሰዓት ሞላሁ። ጠዋት ስከፍተው ሌላ ነገር ነው የተቀዳው። ስክሪኑ ላይ ምንም ስህተት አልወጣም።

ጋሼ፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው፣ ተባረኪ። 2:00 ብለሽ ነው የሞላሽው አይደል? ሪሲቨሩ የኛን አቆጣጠር አያውቅም። ለእሱ 2:00 ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። አንቺ ተኝተሽ እሱ የሌሊቱን ድጋሚ ቀድቶልሻል። የምትፈልጊው 20:00 ነው። ከማታው 1 እስከ 5 ሰዓት ላለው ፕሮግራም 18 ደምሪ። ለቀኑ 6 ደምሪ። መጀመሪያ ግን የሰዓት ቀጠናው +3 መሆኑን እዪ።

ሌላም ልጨምርልሽ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራም በሰዓቱ ስለማይጀምር መጀመሪያውን 5 ደቂቃ አስቀድሚ፣ መጨረሻውን 15 ደቂቃ አስረዝሚ። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት 32 በሚባለው ዓይነት ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ አያልፍም። ተራ ጥራት ያለው ጣቢያ በሰዓት እስከ 2 ጊጋ ገደማ ይወስዳል። ኤችዲ ከሆነ 3 ጊጋም ይደርሳል። ስለዚህ ረጅም ነገር ስትቀጂ ወይ ይቆራረጣል ወይ ይቆማል። ሌላ ጣቢያ እያየሽ ለመቅዳት ደግሞ ሁለቱ ጣቢያዎች አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ መሆን አለባቸው። መብራት በመሃል ከሄደ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ሪሲቨሩ «ፎርማት ላድርግ?» ቢልሽ እሺ አትበዪ። መጀመሪያ ያለውን ኮምፒውተር ላይ ገልብጪ።

አዲስ ገቢ፦ ዲሽ ወደ ኢትዮሳት ለማዞር ወዴት ነው?

ጋሼ፦ ሳተላይቱ ያለው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ከጅማ ወደ ምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ አዘንብሎ፣ 65 ዲግሪ ገደማ ወደ ላይ ቀና ይላል። ድሮ ናይልሳት ላይ የነበረ ዲሽ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው፣ 39 ዲግሪ ገደማ ላይ። ስለዚህ ነካ ነካ በማድረግ አይገኝም። ፈትተህ አዙረው። ይህን ብዙ ጊዜ መልሻለሁ።

የዩኒቨርሲቲው ልጅ፦ ኔትፍሊክስ በማስታወቂያ ርካሽ ነው ሲሉ ሰማሁ። እኛ ጋ አለ?

ጋሼ፦ ኔትፍሊክስ ራሱ እ.ኤ.አ. ከጥር 2016 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ይከፈታል። ማስታወቂያ ያለበት ርካሹ ፓኬጅ ግን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ሲጀመር ለ12 አገሮች ነበር። እኛ የለንበትም። አሜሪካ ውስጥ በወር 6.99 ዶላር ነበር፣ በሰዓት ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ማስታወቂያ። በወሩ ዲዝኒ ፕላስ ተከተለ። አማዞን ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የባሰ አደረገ። ከፍሎ የሚያየው ደንበኛ ላይ ማስታወቂያ ጫነና «ካልፈለግክ 2.99 ዶላር ጨምር» አለው። ይህ አካሄድ ያሳዝነኛል። ሰው መጀመሪያ ወደ ስትሪሚንግ የሄደው ከማስታወቂያ ለማረፍ ነበር።

ስም የለሽ 2፦ ለምንድነው የማስታወቂያ ማገጃ መተግበሪያ ማስታወቂያውን የማያግደው?

ጋሼ፦ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ማስታወቂያው ከሌላ ቦታ ተጠርቶ ይመጣል። ማገጃ አድራሻውን ካወቀ ይዘጋዋል። ሁለተኛው ላኪው ጋ እያለ ከፊልሙ ጋር ተሰፍቶ በአንድ መስመር ይመጣል። ለስልክህ ፊልሙና ማስታወቂያው አንድ ናቸው። ከጎረቤትህ ጋር አንድ ፊልም እያያችሁ ለእሱ የሳሙና፣ ላንተ የባንክ ሊመጣ ይችላል። ድሮ አገሩ ሁሉ አንድ ማስታወቂያ ነበር የሚያየው።

ዳታውንም አስብ። መካከለኛ ጥራት በሰዓት 700 ሜጋ ገደማ ይበላል። በደቂቃ 12 ሜጋ ማለት ነው። 4 ደቂቃ ማስታወቂያ 48 ሜጋ ነው። ፈረንጁ ቤት ዋይፋይ ስለማይቆጠር አይሰማውም። ካርድ ሞልቶ ፓኬጅ የሚገዛ የጅማ ልጅ ግን ለማስታወቂያውም ከኪሱ ይከፍላል። አንድ ጊዜ የተቀዳ ፍላሽ መቶ ጊዜ ቢታይ አንድ ሜጋ አይበላም።

ቪዲዮ ሠሪው፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ልግባ። እኔ አጫጭር ድራማ እየሠራሁ ዩቲዩብ ላይ እጭናለሁ። ማስታወቂያ ካልታየ እኔ ምን እበላለሁ?

የዩኒቨርሲቲው ልጅ፦ አንድ ድራማ ላይ አምስት ቦታ ማስታወቂያ ታስገባለህ። ማን ይቻለው?

ቪዲዮ ሠሪው፦ ከ8 ደቂቃ በላይ ከሆነ መሃል ላይ ማስገባት ይፈቀዳል። ከማስታወቂያው ገቢ 55 በመቶው ነው ለሠሪው። ያንን ለመጀመር እንኳን 1000 ተከታይና 4000 ሰዓት መታየት አለብህ። ለካሜራ፣ ለተዋናይ፣ ለትራንስፖርት ማን ይከፍላል?

የዩኒቨርሲቲው ልጅ፦ ለዚህ ነው 4 ደቂቃ የሚበቃውን ታሪክ 8 ደቂቃ የምታደርጉት።

ቪዲዮ ሠሪው፦ አንዱን እንኳን ጨርሰህ አይተህ ነው?

ጋሼ፦ ተረጋጉ። እኔ ከሠሪው ጋር ነኝ። የአገራችንን ሥራ የምታዩ ከሆነ ማገጃውን አጥፉና እዩ። ድሮም ጣቢያ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው። አንተ ሠሪው ግን አንድ ነገር ስማኝ። ሥራህን የጫንከው ዩቲዩብ ላይ ብቻ ከሆነ የራስህ ዕቃ በእጅህ የለም። አንድ ወጣት ደንበኛዬ አካውንቱ ተዘጋበትና የሦስት ዓመት ሥራው ጠፋ። ስልኩ ላይ ቦታ ለማስለቀቅ ዋናውን አጥፍቶት ነበር። ሃርድ ዲስክ ግዛና ሁለት ቦታ አስቀምጥ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ልጄ ካርቱን ሲያይ የቢራ ማስታወቂያ መጣበት። ቴሌቪዥን ላይ ተከልክሎ የለም እንዴ?

ጋሼ፦ አዎ፣ በአዋጅ 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ተከልክሏል። ከውጭ በኢንተርኔት የሚመጣው ግን የተሰፋው ሌላ ቦታ ነው። ማስታወቂያ መራጩ ደግሞ የሚያየው አካውንቱን ነው። ልጁ ባንቺ ስልክ ካየ ተመልካቹ አንቺ ነሽ። እኔ ለእህቴ ልጆች ከጣቢያ የልጆች ፕሮግራም ቀድቼ በፍላሽ እሰጣለሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰኩታል። የማላውቀው ነገር መሃል ላይ አይገባም።

ስም የለሽ 3፦ የትኛውን ቴሌቪዥን ልግዛ?

ጋሼ፦ ዛሬ ርዕሳችን አይደለም።

ስም የለሽ 1፦ ጋሼ ሪሲቨሬ አሁንም አልቀዳ አለኝ

ጋሼ፦ ወንድሜ፣ ሞዴሉን! ጽሑፉን! ሦስተኛ አልጠይቅህም። ፍላሹን ብቻ ፎርማት እንዳታደርገው።

የፈረንጅ አራዳው፦ አዲስ ዴክ የሚሸጥ ይኖራል?

ጋሼ፦ የለም። የመጨረሻው አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 አቁሟል። ያለው አሮጌ ነው። የሚሠራ ካለህ እንዳትጥለው።

እናት ከጂሬን፦ ልጄ፣ እኔ ስለ ኢንተርኔቱ አላውቅም። ሳጥን ውስጥ አሥራ አንድ የቪዲዮ ካሴት አለኝ። ባለቤቴ ናቸው የቀዱት፣ ነፍሳቸውን ይማር። የቴሌቪዥን ፕሮግራምም አለበት፣ የልጆቹም አለበት። አንዱን በመስኮቱ ሳየው ነጭ ነገር አለው።

ጋሼ፦ እናቴ፣ እንኳን ጠየቁኝ። ያ ነጭ ነገር ሻጋታ ነው። የጅማ ዝናብ ከዓመቱ ውስጥ ብዙውን ወር ስለሚይዝ ሳጥን ውስጥ የከረመ ካሴት እርጥበት ይስባል። በመስኮቱ ሲያዩት የክሩ ጠርዝ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። እባክዎን ዴክ ውስጥ አያስገቡት። የጎረቤት ልጅ «ልሞክረው» ቢልም አይስጡት። የዴኩ ሄድ፣ ማለትም ክሩን የሚያነብበው ክፍል፣ በደቂቃ 1500 ጊዜ ነው የሚዞረው። ሻጋታው ሄዱ ላይ ይለጠፋል፣ ቀጥሎ ለሚገባውም ካሴት ይተላለፋል። ክሩም ተጣብቆ ሊበጠስ ይችላል።

የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ደረቅ ቦታ ላይ አቆያቸዋለሁ። ፀሐይ ላይ አይደለም፣ ፀሐይ ክሩን ያጣምመዋል። ከዚያ ብሎኖቹን ፈትቼ ደጅ ላይ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ክሩን ቀስ ብዬ እያጠነጠንኩ በንጹሕ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ለዚህ ብቻ የመደብኩት አሮጌ ዴክ አለኝ። ሲጸዳ በኮምፒውተር እቀዳዋለሁ። የሦስት ሰዓት ካሴት ሦስት ሰዓት ሙሉ ይፈጃል፣ ማፍጠን አይቻልም። አሥራ አንዱን ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ይስጡኝ።

የቴሌቪዥኑንም እንዳይጥሉት። ያኔ የተላለፈ ፕሮግራም ዛሬ ሌላ ቦታ ላይገኝ ይችላል። ማስታወቂያውም ቢኖርበት አልቆርጠውም። በእሱ መሃል የባለቤትዎ ድምፅ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

እናት ከጂሬን፦ እሳቸው ከመቅዳታቸው በፊት ቀኑን ጮክ ብለው ይናገሩ ነበር። ካሜራውንም ልጆቹ ላይ አድርገው።

ጋሼ፦ እንግዲያው ከዚያ ካሴት እንጀምራለን። ሰኞ ጠዋት ይላኩልኝ። ዝናብ ከሆነ በፌስታል ይጠቅልሏቸው፣ አቁመው ካርቶን ውስጥ ያድርጓቸው። የትኛው መጀመሪያ እንደተቀዳ ካወቁ በላዩ ላይ ቁጥር ይጻፉልኝ።