ሰነድ ይመረታል ወይስ ይቀርባል?

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ በአንድ ጠበቃ ቢሮ በጸሐፊነት እሠራለሁ። በቀደም አንዲት እናት ከአዘዞ መጥተው ወረቀት እንድናነብላቸው ጠየቁን። ልጃቸው አሜሪካ ውስጥ መኪና ገጭቶት የካሳ ክርክር ላይ ነው፤ ወረቀቱን በስልኩ አስተርጉሞ ነው የላከላቸው። «የግኝት ጥያቄ» ይላል፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ «ተከሳሹ ሰነዶቹን እንዲያመርት»። ጠበቃችን «ዲስከቨሪ ማለቱ ነው» ብለው አለፉት። በአማርኛ ምን ይባላል? በስልክና በኢሜይል የተላላኩትስ መረጃ ነው ማስረጃ?

መልስ፦ አስቀድመን ከማምረቱ እንገላገል። ሰነድ የሚያመርት ተከሳሽ ፎርጅድ ሠሪ ነው፤ ቦታውም ሌላ ችሎት ነው። የእንግሊዝኛው ቃል «ፕሮዲውስ» ለፋብሪካም ለፍርድ ቤትም ያገለግላል፤ የእኛ ማምረት ግን እህልና ሳሙና ላይ ይቆማል። እርስዎ በየቀኑ የሚተይቡት «ይቅረብልኝ» እያለ ሌላ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 145ም የሚለው ይህንኑ ነው፦ በሌላ ፍርድ ቤት ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ ሰነድ እንዲመጣ ተከራካሪው በቃለ መሐላ አስደግፎ ይጠይቃል፣ ፍርድ ቤቱ ያዝዛል።

«ግኝት» ግን ስሕተቱ ጠለቅ ይላል። ግኝት ሳይታሰብ ወይም በፍለጋ የተገኘ ነገር ነው፤ አርኪዮሎጂስት ግኝት አለው። ዲስከቨሪ የሚባለው የአሜሪካው ሥርዓት ሌላ ነው። እዚያ ክሱ ከመሰማቱ በፊት ባላጋራዎቹ በእጃቸው ያለውን፣ የሚጎዳቸውንም ጭምር፣ አንዱ ለሌላው እንዲያሳይ ይገደዳሉ። እኛ ዘንድ እንደዚህ ያለ ሰፊ ግዴታ የለም፤ ከሳሽ የምስክሮቹንና የሰነዶቹን ዝርዝር ከክሱ ጋር ያያይዛል፣ የቀረውን በ145 ይጠይቃል። ነገሩ ስለሌለን ቃሉም አልተፈጠረም፤ ጠበቃዎ በእንግሊዝኛው ቢያልፉት አልፈርድባቸውም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ለመጀመሪያው መልስ ይሰጣል። ከመውሰድ መውሰጃ፣ ከማረድ ማረጃ እንደሚወጣ ሁሉ ከመረዳት መረጃ፣ ከማስረዳት ማስረጃ ይወጣል። እኔ ራሴ የምረዳበት መረጃ ነው፤ ሌላውን፣ ማለትም ዳኛውን፣ የማስረዳበት ማስረጃ ነው። ልጁና የገጨው ሰው የተጻጻፉት መልእክት ስልኩ ውስጥ እስካለ ድረስ መረጃ ነው። አንዱ ወገን አውጥቶ «ይህን ያስረዳልኛል» ብሎ ችሎት ፊት ሲያቆመው ማስረጃ ይሆናል። የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ደንብም ልዩነቱን ያውቃል፦ በዚህ ደረጃ የሚጠየቀው ነገር በማስረጃነት ተቀባይነት ያለው መሆኑ ግድ አይደለም ይላል፤ ከጉዳዩ ጋር መያያዙና ልኩን አለማለፉ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 ኢሜይሉን፣ ፋይሉን ሁሉ ወደ ደንቡ ሲያስገቡም የመረጡት አጠራር በእኛ ቋንቋ «በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተቀመጠ መረጃ» የሚሆን ነው። የእኛው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 «ዳታ» ብሎ ተገላግሏል። ተገላግሏል ያልኩት ለማማት አይደለም፤ መረጃ ብዙ ተሸክሞ የደከመ ቃል ነው።

ስለዚህ «የመረጃ መገላለጥ» ብለው ይጻፉት። «ልውውጥ» የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ገበያ ገበያ ይሸተኛል፣ በፈቃድ የሚደረግም ያስመስለዋል። ደግሞ ልብ ይበሉ፣ በጠ ነው። ሐሳብ ይገለጻል፣ የመሶብ ክዳን ይገለጣል። እዚህ የሚፈለገው ክዳኑ ነው። «አውጫጭኝ»ም አጓጉቶኝ ነበር፤ ግን እሱ የአገር ሰው ተሰብስቦ ሌባውን የሚያወጣበት ነው፣ የሁለት ተከራካሪዎች ጉዳይ አይደለም። ለካሳ ክርክር ይከብዳል።

በስልክ ማስተርጎምን አልነቅፍም፤ እናትየው ቢያንስ የልጃቸው ጉዳይ ምን እንደደረሰ ገምተዋል። ያው ዓይነት መሣሪያ ላይ ሙሉ በሙሉ መደገፍ ግን ሌላ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ በዓለም የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል።

ወረቀቱ ላይ እንዲህ ብለው ይጻፉላቸው፦ «ተከሳሹ ስለ አደጋው በእጁ ያሉትን ሰነዶች እንዲያቀርብ በመረጃ መገላለጥ ሥርዓት ተጠይቋል»። ቀጥሎ በሚመጣው ላይ «ማስቀመጫ» ወይም «ተቀማጭ» የሚል ቃል ካገኙ ደግሞ እናትየውን ወደ ባንክ አይስደዷቸው። ዲፖዚሽን ነው፤ ልጁ ከችሎት ውጭ፣ በሁለቱም ጠበቆች ፊት፣ ምሎ የሚሰጠው ቃል። በፌዴራሉ ደንብ ጣሪያው በ1 ቀን ውስጥ የሚያልቅ የ7 ሰዓት ጊዜ ነው።